ዝናሩን ማን ይቀበላል

ሰኞ፣ ኅዳር 15

የእህቴ ልጅ የሽፈራው ሙክቶች የሉም። ጠዋት እህቴ አስካለ ቤት ስደርስ የበጎቹ በረት ተከፍቶ ነበርና ቆም ብዬ አየሁ። ሌላ ሰው ላያስተውለው ይችል ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የማየው የቀረውን ተማሪ ነበር፤ ልማዱ አልለቀቀኝም። የሽፈራውን ሚስት ወርቄን ጠየቅኋት።

«ሸጣቸው» አለችኝ።

«ጾም ሊገባ ሲል ሙክት ይሸጣል እንዴ? ገና እስኪደርስ አይጠብቅም?»

«እኔ አልጠየቅሁትም፣ እትዬ። እርስዎ ይጠይቁት። እርስዎን ይፈራል።»

አይፈራኝም። ያከብረኛል እንጂ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ለምን እንደሸጣቸው ወርቄም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሽጉጥ ሊገዛ ነው፣ ወይም ገዝቷል። ታናሽ ወንድሙ ታደለ በጥቅምት ተገደለ። ፖሊስ ነበር፣ ምክትል ሳጅን። በድንበር ክርክር ተከሶ ፍርድ ቤት አልቀርብም ያለ ገበሬ ሊያመጣ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሄደ፤ ሰውዬው ከካብ ኋላ ሆኖ ተኮሰበት። ገዳዩ በማግሥቱ እጁን ሰጠ፤ አሁን ደብረ ብርሃን ታስሯል። ወንድሞቹ ግን ከወንዙ ማዶ አሉ። ከአስካለ ደጅ ሆኖ የቤታቸው ጭስ ይታያል። ሽፈራውም ጠዋት ማታ ያየዋል።

ቅዳሜ አርባው ነው። ጠዋት በደብሩ ፍትሐት፣ ከዚያ ከተማ፣ ሜዳው ላይ፣ ፖሊስ ለክብሩ ያዘጋጀው ሥነ ሥርዓት። የቀረን ሥራ ይህ ነው፦ ሽሮ ማስፈጨት። ለንፍሮ ባቄላ መልቀም። ሜዳው ላይ የሚተከል ድንኳን ከእድሩ መጠየቅ። ለቄሶቹ ለብቻ መቀመጫ ማዘጋጀት። አስካለን እህል ማስቀመስ። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል።

እህቴ ባቄላውን እየለቀመች ታንጎራጉር ነበር። መጀመሪያ ቃሉን አልሰማሁትም። ጠጋ ስል ሰማሁት።

ሁለት ወልጄ ነበር አንዱ ቢወድቅብኝ፣
አንዱ እሳት ይሞቃል ጉዴን አላየልኝ።

ሽፈራው ከበሩ ውጭ ማጭድ እየሳለ ነበር። ሰምቷል። የወርቄን ፊት አየሁ፤ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ አይደለም።

ወደ ከተማ ስመለስ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። አዛዡ ተነስቶ ተቀበለኝ። እናቱን አስተምሬያታለሁ፤ ሰነፍ አልነበረችም። ወንበሩ አቧራ ነበረው፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ተቀመጥሁ። እሱ አፈረ፤ ማፈሩ ደስ አለኝ።

የቅዳሜውን መርሐ ግብር አንድ በአንድ ነገረኝ። ሰልፍ። የሕሊና ጸሎት። ንግግር። ለእናትየው የምስክር ወረቀት። ፈረሰኞች። ከሞላሌ የሚመጣ ፎካሪ። በመጨረሻም ፎካሪው የታደለን ዝናር ከፍ አድርጎ ይዞ እየፎከረ ሜዳውን ከዞረ በኋላ ለወንድሙ ያስረክባል።

ጠመንጃው የመንግሥት ስለሆነ ተመልሷል። ዝናሩ ግን የአባታቸው ነው። ታደለ በደንብ ልብሱ ላይ ይታጠቀው ነበር፣ አለቆቹም አይተው ያልፉት ነበር።

«ልጄ» አልሁት፣ «በሰው እጅ የሞተ ሰው ዝናር በፉከራ ለወንድሙ ሲሰጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አክብሮት ነው፣ እማማ። ባህላችን ነው።»

«የተቀበለ ሰው ደሙን ተቀበለ ማለት ነው። ሳይመልስ ቢቀር ሰው ፊት አይቆምም። አንተ በመንግሥት ሜዳ፣ ፖሊስ አሰልፈህ፣ ግደል ብለህ ልታስታጥቀው ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። የዘመኑ ሰው እንዲህ አያስብም አለኝ። እሱ ያደገው ከተማ ነው፤ ፈረስና ፉከራ የሚያውቀው በበዓል ቀን ከቴሌቪዥን ነው። ክፋት የለበትም። ጌጥ መስሎታል።

«ባህላችን አይደለም እንዴ ታዲያ?» አለ።

«ነው። እሳትም ባህላችን ነው። ጣራ ላይ ግን አናነድደውም።»

ብዙ ተከራከርን። ፉከራውን እንዲያስቀረው ለመንሁት፤ መለመን አልወድም። ከዞን እንግዶች ተጠርተዋል፣ ለፈረሰኞቹ ተነግሯል፣ አሁን ቢቀር ታደለን ክብር ነፈጉት ይባላል አለኝ። የመጨረሻው እውነት አለው። ሰው እንደዚያ ማለቱ አይቀርም። በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማማ። ዝናሩን የሚቀበለው ወንድምየው ሳይሆን አስካለ ትሆናለች። እስክሪብቶ አውጥቶ እያየሁት ወረቀቱ ላይ አስተካከለው።

ትንሽ ነገር ነው። ቢሆንም ከባዶ ይሻላል።


ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ሞላሌ ደርሼ ተመለስሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሰው ዶሮ ጉልበቴ ላይ ሊያስቀምጥ ነበር። አየሁት፤ አንስቶ ራሱ ታቀፋት።

ፎካሪው አያ ግዛው ይባላል። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ቢያንስ ነው። ደጁ ላይ ሞፈር ሲጠርብ አገኘሁት። እኔ አላስተማርሁትም፤ ልጁን ግን አስተምሬያለሁ።

«ልጄን በጆሮዋ የጎተቷት መምህር» አለ ገና ከሩቅ ሲያየኝ። «ዛሬ ደግሞ የእኔን ጆሮ ፍለጋ ነው?»

«ልጅህ አሁን ምን ትሠራለች?»

«ነርስ ናት።»

«እንግዲያስ ጆሮዋ አልተጎዳም።»

ሳቀና አጎዛ አነጠፈልኝ። የመጣሁበትን ነገርሁት። ሽፈራው በጎቹን መሸጡን አልደበቅሁትም። ዝም ብሎ ሰማ፤ ጥሩ ሰሚ ነው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«ፎክር፣ ግን ወንድሙን አታንሳ ነው የሚሉኝ። እርስዎ ያለ ጨው ወጥ ይሠራሉ?»

«ሐኪም ከከለከለኝ ወዲህ እሠራለሁ።»

«ይጥማል?»

«አይጥምም። ግን በሕይወት አለሁ።»

ደግሞ ሳቀ፤ ግን ቃል አልገባልኝም። «እመት መምህር፣ እኔ ሲነሳብኝ እኔ አይደለሁም። አፌ የሚለውን የማውቀው ሰው ሲነግረኝ ነው። ዛሬ እሺ ብልዎት ቅዳሜ ውሸታም ልሆን ነው። ጾም ነው፤ አልዋሽም።»

ከአዛዡ እሺታ ይልቅ የዚህ ሰው እምቢታ ደስ አለኝ። ቢያንስ ስሙን አትጥራ አልሁት። አሰበበት።

«ስሙን አልጠራም» አለ።

ይህችን ይዤ ተመለስሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል። እግሬን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ ይህን እጽፋለሁ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ሽፈራው ገብስ ሲያጭድ ለብቻው ነበር። በዚህ ወቅት ለብቻው የሚያጭድ ሰው የለም። ከጎኑ ያለው ማሳ ወንፈል ገብቶ ይዘፍናል፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ዝም።

ሰዎቹን ለምን እንዳልጠራ ጠየቅሁት። ማጭዱን ሳያቆም ነገረኝ። ባለፈው እሑድ ጠላ ቤት ገብቶ ሊቀመጥ ሲል አንዱ ስፍራ ለቀቀለትና፣ «ሽፈራው፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በል፤ ይበርድሃል» አለው። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እናቱ ስታንጎራጉረው የከረመችው ሙሾ ጎረቤት ሰምቶት፣ ጎረቤት ለጎረቤት ነግሮት፣ ጠላ ቤት ደርሷል።

«ሌላ ሰው ቢለው እችለው ነበር» አለኝ። «እሷ ናት ያለችው።»

ሽጉጥ ገዝተሃል ወይ አልሁት፤ ማለባበስ አልችልበትም። ማጭዱን በሣር ጠረገ።

«እትዬ፣ ሲያስተምሩን ያልገባው እጁን ያውጣ ይሉ ነበር። እኔ ሁሉም ገብቶኛል።»

«ያ እስር ቤት ነው። ሕግ ይዞታል። ወንድሞቹ ምን አደረጉህ?»

«ምንም።»

«ታዲያስ?»

«ምንም አላደረጉኝም። እኔም ምንም አላደረግሁም። ሰው የሚያየው ይህን ነው።»

ታደለ ጠመንጃ ይዞ ነበር፣ ቀድሞ መተኮስ ይችል ነበር፣ አልተኮሰም አልሁት። ይህ ያቆመዋል ብዬ ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ነገር ነበር።

«ለዚህ አይደል የሞተው» አለኝ።

ነዶውን እንዴት እንደሚከምር እያየሁ ትንሽ ቆምሁ። አከማመሩ የአባቱ ነው፣ ራሱ ወደ ውስጥ። ሚስቱ አለችው፣ መሬቱ አለው፣ እድሜው ገና ነው። ከሳምንት በኋላ ወይ ገዳይ ይሆናል ወይ ሟች፤ ምናልባት ሁለቱንም።


ዓርብ፣ ኅዳር 19

ከአስካለ ጋር ተጣላን።

አደርሁበትና ወሰንሁ፤ ነገሩ የተያዘው በፎካሪውም በአዛዡም እጅ አይደለም፣ በእህቴ አፍ ነው። ሴቶቹ ሽሮውን ሲነፉ ወደ ጓዳ ወሰድኋት።

«ሙሾሽ ጠላ ቤት ገብቷል» አልኋት። «ልጅሽን እየገደልሽው ነው።»

«የእኔ ልጅ ተገድሏል።»

«ሁለተኛውን ነው የምልሽ።»

ከዚያ የተባለውን ሁሉ አልጽፈውም። አንቺ መጽሐፍ እንጂ ሰው አላሳደግሽም አለችኝ። አልወለድሽም፣ ስለዚህ አታውቂውም አለችኝ። ይህን በስልሳ ዓመት አንድ ጊዜም ተናግራኝ አታውቅም። እኔም ዝም አላልሁም። የወለደማ ለመቅበር አይቸኩልም አልኋት። ወርቄ መጋረጃውን ገልጣ አየችንና ተመለሰች።

በመጨረሻ አስካለ ተቀመጠች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እትዬ፣ ሰው ሲያየኝ ምን ያያል? ልጇ እንደ ውሻ ተገድሎ ዝም ያለች ሴት። እኔ ሂድ ግደል አላልሁም። ዝም ማለት አቃተኝ እንጂ።»

ነጠላዬን አንስቼ ሄድሁ፤ በሩ ላይም ደህና ዋይ አላልኋትም። ነገ ምን እንደምታደርግ አላውቅም። ዝናሩን ተቀብላ እዚያው ለልጇ ብታስታጥቀው የሚያቆማት የለም።

ደከመኝ። ንፍሮውን ማን እንደሚያወጣው እንኳ ሳልጠይቅ ነው የመጣሁት።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሆነ። በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አሁን ካልጻፍሁት ነገ ሌላ አስመስዬ አስታውሰዋለሁ።

ፍትሐቱ በሰዓቱ ተጀመረ፣ በሰዓቱ አለቀ። ከተማ የነበረው ግን ዘገየ። እንግዶቹ እስኪመጡ ፖሊሶቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ልጆች ናቸው። አንዷ ሴት ፖሊስ ቁማ ታለቅስ ነበር፣ እንባዋን ሳትጠርግ፤ ሰልፍ ላይ እጅ አይነሳም። ያ ለእኔ ከንግግሩ ሁሉ በለጠ። ከንግግሩ አንድ ነገር ይዣለሁ፤ አዛዡ ታደለ እስረኛ ሳያበላ ምሳ በልቶ አያውቅም ነበር አለ። ይህን አላውቅም ነበር።

አስካለ የምስክር ወረቀቱን ተቀበለች። ሽፈራው ከኋላዋ ቆሞ ነበር፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እጁ በውስጥ። የእጁ በውስጥ መሆን ዓይኔን ያዘኝ።

ከዚያ ፈረሰኞቹ፣ ከዚያ አያ ግዛው። ረቡዕ ያየሁት ሞፈር ጠራቢ ሽማግሌ አልነበረም። ድምፁ ከየት እንደሚወጣ እንጃ፤ ፈረሶቹ ጆሮአቸውን አቆሙ። ዝናሩን በሁለት እጁ አንስቶ ሜዳውን ዞረ። ሰው መነሳት ጀመረ። ወንዶቹ ዱላቸውን ጨበጡ። ስሙን አልጠራም፤ ቃሉን ጠብቋል። ግን እንዲህ አለ፦

ዝናሩ ጎደለ ጥይት አለቀበት፣
የእናቱ ልጅ የለም ወይ የሚሞላለት?

ይህን እያለ ወደ አስካለ መምጣት ሲገባው አቅጣጫውን ስቶ፣ ወይም ሳይስት፣ ዝናሩን ወደ ሽፈራው ዘርግቶ ሮጠ። አዛዡ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ፎካሪውን ያያል። ሽፈራው ጋቢውን ጣለ። አንድ እርምጃ ወጣ። ሜዳው ዝም አለ። እኔ ልነሳ ሞከርሁ፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።

«በሕግ አምላክ።»

አስካለ ናት። አልጮኸችም። አያ ግዛው አንድ እግሩ እንደተነሳ ቀረ። ሽፈራውም ቆመ። በእኛ አገር በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል፤ በፈረስም ቢሆን፣ ቂም ቢኖረውም። ያልቆመ ከሰው አይቆጠርም።

ደግማ አለችው፦ «በሕግ አምላክ። ልጄ ይህን ብሎ ነው የሞተው። ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ ይህን ብሎ ጠራው። ያ አላከበረም። እናንተ ታከብራላችሁ።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አብሮት የነበረው ባልደረባው ለእሷ ብቻ ነግሯት ኖሯል። አርባውን ቀን ሙሉ ይህን ይዛ ነው ያን ሙሾ ስታወጣ የነበረው።

ሄዳ ዝናሩን ከሽማግሌው እጅ ወሰደች። ሰጣት፤ ጎንበስ ብሎ ሰጣት። ወገቧ ላይ፣ በመቀነቷ ላይ፣ ታጠቀችው። ከኋላዬ አንዱ «ሴት ዝናር ትታጠቃለች እንዴ?» ሲል አያ ግዛው ዞረበት። «እናት የያዘችውን ደም ማን ይቀማታል? አንተ ትቀማታለህ?» ሰውዬው ተቀመጠ።

አስካለ ወደ ሽፈራው ዞረች። የተናገረችውን ቅርብ የነበርን ብቻ ነን የሰማን።

«ሂድና ለእንግዶቹ ምግብ አቅርብ። ቀዘቀዘ።»

ሄደ።

ከዞን የመጡት እንግዶች መርሐ ግብሩ ይህ ነው ብለው አጨበጨቡ። አዛዡም አብሯቸው አጨበጨበ፤ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ወደ እኔ ሲያይ አጨብጭቤ ልለፈው አልሁና አጨበጨብሁለት። ሽሮው በእርግጥም ቀዝቅዞ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ የእህቴ ዝናር በየእርምጃዋ ይንኳኳል። የትናንቱን ላነሳ ስል ቀደመችኝ።

«ዝም በይ፣ እትዬ» አለችኝ። ክንዴን ያዘችኝ፤ እኔን ልትደግፍ ይሁን ራሷን፣ አልጠየቅሁም።


እሑድ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ናት። ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም። እግሬ አብጧል። ጎረቤቴ ጠበል አመጣችልኝ፤ ከተማው ስለ ትናንት የሚያወራውንም አብራ አመጣችልኝ። ግማሹ አስካለን ጀግና ይላታል። ግማሹ ልጇን አዋረደችው ይላል። ሁለቱም ልጇን አያውቁትም።

ዝናሩ እሷ ጋ ነው። ዛሬ ያልሰጠችው ነገ ልትሰጠው ትችላለች። ወይም እሱ ዝናር ሳያስፈልገው ሊሄድ ይችላል። አንድ ቀን አለፈ፣ ይኸው ነው። ተኛሁ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ሽፈራው ከሰዓት በኋላ መጣ። እንግዳ ነገር ነው፤ በሥራ ቀን ከተማ አይወጣም። አዲስ ገብስ በቁና ይዞልኝ መጥቷል። ወንፈል ገቡልህ ወይ አልሁት። ሁለት ሰው ትናንት ሳይጠራቸው ማጭድ ይዘው መጡ። አንዱ ያ ጠላ ቤት የተናገረው ነው። ምን አለህ ብዬ ስጠይቀው፣ «ምንም። አጨደ» አለኝ።

ተቀመጠ። ሻይ አፈላሁለት፤ ስኳሩን አበዛሁበት፣ ይወዳል። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ሊልኩ እንደሚፈልጉ ነገረኝ። ለእርቅ። እሱ ምን እንዳለ ጠየቅሁት።

«ገና ነው አልኋቸው።»

«ገና ነው ማለት አይሆንም ማለት ነው?»

«ገና ነው ማለት ገና ነው፣ እትዬ።»

ይህ ልክ ነው። ቃሉን እንዳለ ተቀበልሁት።

ስለ ሌላው ነገር ልጠይቀው ፈለግሁ። እሱም አውቆብኛል። «እሱን ዛሬ አይጠይቁኝ» አለኝ። አልጠየቅሁትም። ሽጉጡ አለ ማለት ነው። የት እንደሆነ አላውቅም። አስካለ ታውቅ ይሆናል።

ሊነሳ ሲል ደግሞ ተቀመጠ። የሰውዬው ጉዳይ በሚቀጥለው ሳምንት ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ይታያል፤ ቤተሰብ ገብቶ መስማት ይችላል ተብሏል። ሊሄድ ነው። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፣ ፊቱን ላየው እፈልጋለሁ አለ። ብርጭቆውን እያዞረ፦

«በሩ ላይ ይፈትሻሉ አይደል?»

«ይፈትሻሉ።»

«ሁሉንም ሰው?»

«እኔንም ሳይቀር።»

«ጥሩ ነው» አለ።

ከዚያ አብረውኝ ይሄዳሉ ወይ አለኝ። እናቱን ሊወስዳት አልፈለገም፣ ወርቄን ደግሞ ልጅ ይዟታል። አጠገቡ ሰው ቢኖር ይሻላል አለ፤ ለምን እንደሚሻል አልተናገረም። እኔ ለዚያ መንገድ አልሆንም። ጉልበቴ አለ፣ ብርዱ አለ፣ አውቶቡሱ ከመንጋቱ በፊት ይነሳል። እሄዳለሁ አልሁት። ብቻ መስኮት በኩል ልቀመጥ፣ ጠመዝማዛው ያዞረኛል አልሁት።

«ከአጠገብዎ እቀመጣለሁ» አለኝ።